የደብረ ሲናዋ ድምፅ

ባለቤቴ ከልቡ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አይስቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ፈገግ ይላል፤ ሰው ሲያጫውተው ትከሻው ይነቀነቃል። ያን ዕለት የሰማሁት ግን ከሆድ የሚወጣ የጎረምሳ ሳቅ ነበር። እኔ ምሳውን ቋጥሬ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቶቼን እያደነዘዘው፣ የስልክ ጣቢያው በር ላይ ቆሜያለሁ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥቁር የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ለጥፏል። በእጀታው ውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። ቀጭን ነው፤ ግን ጥርት ያለ።

«ቆይ፣ ሰው መጣብኝ፤ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋ።

«ማን ናት?»

«የደብረ ሲናዋ ናት» አለ፣ ደብረ ሲና ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ያለች ይመስል።

እሱ የስልክ ቴክኒሻን፣ እኔ የአንደኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ነበርን። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጓድ የምንባባልበት። በዚያ ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ወራት ቆይቶ ሲመለስ፣ ተከትሎት በጭነት መኪና የሰው ቁመት ያለው ግራጫ ቁም ሳጥን መጣ። ከዚያ በፊት ደሴ ለመደወል የፈለገ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቅ ነበር። ሽቦው አንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ሲያወራበት ሌላው ይጠብቃል። ቁም ሳጥኑ ከተተከለ በኋላ በዚያው ጥንድ ሽቦ ላይ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ከተማው ተገረመ። ባለቤቴማ ስለ እኔ ከሚያወራው ይልቅ ስለ ቁም ሳጥኑ የሚያወራው ይበዛ ነበር። እሱን ችየው ነበር። ሴት አለችበት ብዬ ግን አላሰብኩም።

ያን ምሽት ራት ላይ ጠየቅሁት። የጠየቅሁት ስለ ሴትዮዋ ነው፤ እሱ ስለ ማሽኑ መሰለውና ደስ አለው።

«ምን መሰለሽ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ በአንድ ጆንያ ደባልቀሽ ብትልኪ፣ እዚያ የሚቀበለው ሰው በየወንፊቱ ይለያቸዋል አይደል? ይኼም እንደዚያ ነው። አንዱን ወሬ ማሽኑ ቀጭን አድርጎ፣ ጆሮ ከሚሰማው በላይ አውጥቶ ይልከዋል። ሌላውን ደግሞ ከዚያም በላይ። ሽቦው ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ ግን አይነካኩም። እዚያ ሲደርሱ ወንፊቱ ይለያቸውና ማሽኑ ወደ ሰው ድምፅ ይመልሳቸዋል።»

«አንዱ የሌላውን አይሰማም?»

«አይሰማም። ዛሬ የአልዩ አምባው ነጋዴ ከደሴ ሰው ጋር ሲጯጯህ አየሁት። ‹ወላሂ፣ መስመሩ ዛሬ ለኔ ብቻ ነው የተለቀቀው!› ይላል። በዚያው ሽቦ ላይ ሆስፒታሉ መድኃኒት ያዛል፤ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ታለቅሳለች። እያንዳንዱ ለራሱ የተዘረጋ ሽቦ ያለው ይመስለዋል። የለም እኮ! መንገዶቹን የሚሠራው ማሽኑ ነው።»

«የእናንተስ?»

«የኛ ከሥር ነው። ጣቢያ ከጣቢያ የምንነጋገርበት የሥራ መስመር አለን።»

«እሱንስ ማን ይሰማዋል?»

«ማንም» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ያቺ «ማንም» ሌሊቱን ሙሉ ስትቆረቁረኝ አደረች።

ልጄ ዛሬ አዲስ አበባ ኮምፒውተር በተደረደረበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይሠራል፤ ዳታ ሴንተር ይሉታል። በቀደም ስለ ሥራው ሊያስረዳኝ ቁጭ አለ። አንድ ባንክና አንድ ፋብሪካ በአንድ ማሽንና በአንድ ገመድ ላይ እየሠሩ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኔትወርክ አላቸው አለኝ። ያን ኔትወርክ ፕሮግራም ነው የሚፈጥረው፤ አዲስ ለመጨመር ገመድ መዘርጋት አያስፈልግም፤ አንዱም የሌላውን መኖር አያውቅም። እሱ ቨርቹዋል ኔትወርክ ይለዋል። አሠራሩ ከአባቱ ቁም ሳጥን እጅግ የራቀ ነው፤ ነገሩ ግን ቶሎ ገባኝ። ልጄ እናቱ ብልህ ስለሆነች መሰለው። ብልህነት አልነበረም። እኔ ያን ትምህርት በቅናት ነው የተማርኩት፤ በቅናት የተማሩት ደግሞ አይረሳም።

ባለቤቴ ስለ ወንፊቱ ከነገረኝ ምሽት በኋላ በየቀኑ እጠይቀው ጀመር። ሽቦው ሲረዝም ድምፁ ለምን ይደክማል? ወንፊቱ ቢበላሽ ምን ይሆናል? እሱ እየተደሰተ ይመልሳል። እኔ ማሽኑን ወድጄው አይደለም፤ በእሱና በደብረ ሲናዋ መካከል የማልረዳው ቃል እንዳይኖር ነው። የከሰዓት ፈረቃ አስተማሪ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ሰበብ እየፈለግሁ ወደ ጣቢያው ብቅ እላለሁ። ጠዋት መስመሩን የሚለኩበት ሰዓት ነው። አንደኛው ጫፍ ፉጨት ይልካል፤ ሌላኛው ጫፍ የመለኪያዋ መርፌ የት እንደቆመች አይቶ ይናገራል።

«ዛሬ እንዴት ደረስኩሽ?» ይላል ባለቤቴ።

«ደከም ብለህብኛል። ትንሽ ከፍ በልልኝ።»

አንዷን ቁልፍ ያዞራል። «አሁንስ?»

«አሁን ጥሩ ነህ። እንደሱ ቆይልኝ።»

የሥራ ንግግር መሆኑን አውቃለሁ። መርፌዋንም አያታለሁ። ሆዴ ግን መርፌ አያውቅም። እኔን አንድ ቀን «እንዴት ደረስኩሽ» ብሎኝ ያውቃል?

በመጨረሻ አልቻልኩም። ትምህርት ሲዘጋ ደብረ ሲና ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ብዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አክስቴ እውነትም እዚያ ነበረች፤ ግን እሷን መጠየቅ አላማረኝም። ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሞቀኝና ጋቢዬን አወለቅሁ። ቆሎ ሻጮቹን አልፌ በቀጥታ ወደ ስልክ ጣቢያው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ዘበኛው «እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ሲለኝ ጠፋብኝ።

እሷ ራሷ ወጣች። ቆንጆ ናት ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ቆንጆ አልነበረችም። ረዘም ያለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ካኪ ሱሪ የለበሰች ሴት ናት። ደረት ኪሷ ላይ ብሎን መፍቻ ሰክታለች፤ እጇ በቅባት ጠቁሯል። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት አፍታ አየችኝና ጮኸች።

«አንቺ የሱ ባለቤት ነሽ! የሂሳብ አስተማሪዋ! እሱ እኮ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም። የወንፊቱ ነገር በአንድ ምሽት ገባት አለኝ። እኛ እስኪገባን ስንት ሳምንት ነው የተጨቃጨቅነው!»

ልቤ መረጋጋት ነበረበት፤ አልተረጋጋም። ለእኔ ያላለውን ምስጋና ለእሷ ብሎታል። የእኔ ድርሻ በሥራ መስመር ቁልቁለቱን ወርዶ እሷ ጆሮ ገብቷል። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባችኝና ማሽኗን አሳየችኝ። በሩን ስትከፍተው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስትነካ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ስትፈታና ስትገጥም ቆሜ አየኋት። ያኔ ቅናቴ ዞረ። ስመጣ የቀናሁት በባሌ ነበር፤ አሁን የቀናሁት በእጇ ነው። ያ ቅባት በእኔ እጅ ላይ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

«ከሱ ጋር ላገናኝሽ?» አለችና እጀታውን ሰጠችኝ።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «ዛሬ እንዴት ደረስኩህ?» አልኩ።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በስብሰባ ድምፁ፣ «ጓድ፣ ይህ መስመር ለሥራ ብቻ ነው» ብሎ ዘጋው።

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አክስቴ ጋ አድሬ በማግስቱ ቤት ስመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«ድምፅሽን በመጀመሪያው ቃል አውቄዋለሁ» አለ። «የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምን ልበል?» ቀና አለና፣ «ለምንድን ነው ግን የሄድሽው?»

«ማሽኑን ለማየት» አልኩት። ይህን ስናገር ግማሹ እውነት ሆኖ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ለእሷ የውጭ ትምህርት ዕድል መጣላት፤ ምሥራቅ ጀርመን። ባለቤቴም ተወዳድሮ ነበር፤ አላለፈም። በመንገዷ ላይ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት አደረች። ዶሮ ሠራሁላት። ዶሮውን ስበልት እንኳ እየቀናሁ ነበር፤ ግን እንግዳ እንግዳ ነው። ማዕድ ላይ ስለ ማሽኑ ስትጠይቀኝ መለስኩላት። ከባለቤቴ ይልቅ ከእኔ ጋር ነው ያወራችው። «ለሠልጣኝነት የሚፈትኑት እኮ ሂሳብ ነው፤ ለምን አትፈተኚም?» አለችኝ። ያኔ ልጄን አርግዤ ነበር። ወጥ ጨመርኩላት።

ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናት። ሻንጣዋን ባለቤቴ ተሸከመ። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ እስኪታጠፍ ቆመን አየነው። ስንመለስ ባለቤቴ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ ቆመና፣

«መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ከዓመት በላይ በመስታወት አይቼዋለሁ።

«እኔም» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ትከሻው ቆመ። «አንቺ?» አለ። «አንቺ ምን ልትሠሪ?»

በሩን ከፍቼ ገባሁ።

በእሷ ቦታ ደብረ ሲና የመጣው ሰው ወሬ የማይወድ ሽማግሌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ ይዘጋል፤ ባለቤቴም መሳቁን ተወ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተወዳደረ፤ አሁንም ሌላ ሰው አለፈ። ያን ምሽት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ራቱን አልቀመሰም። እኔ ልጁን አጥብቼ አስተኛሁና የእኔን በላሁ። ከዚያ «አንቺ ምን ልትሠሪ?» ያለኝ ትዝ አለኝና የእሱንም በላሁት።