ለቁርስ የላክኋቸው መምህራን

የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ስለ መርዶ ሲያስተምሩ ተማሪው ሁሉ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። «መርዶ ነጋሪ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። ብቻውን አይመጣም፤ ሽማግሌ ያስቀድማል» ይሉ ነበር። የክፍሉ ትንሹ መምህር ስለነበርኩ እኔም ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። የተማረ ሰው ራሱ ያስተማረውን ይረሳል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ስለ ዕድር ልናጠና አራት መምህራን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ወጣን። ሞጣ ላይ ከነጋዴዎች ጋር የጀመርኩት ቃለ መጠይቅ ስላላለቀ እኔ ቀረሁ፤ ሦስቱ እናቴ ወዳለችበት ወደ ቢቸና ቀደሙ። «ጠዋት እናቴ ዘንድ ጎራ በሉ፤ ቁርስ ሳታበላ አትለቃችሁም» አልኳቸው። ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ስለነበር፣ እንግዳ ብታይ ትጽናናለች ብዬ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ቢቸና ስገባ ሰፈሩን ዋይታ ሞልቶታል። ገና አጥሩ ጋ ሳልደርስ የገዛ ስሜን ሰማሁ። እናቴ ለእኔ ታለቅሳለች! ክው አልኩ።

እየሮጥኩ ገባሁ። ኃላፊያችን ጥቁር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ግቢው መሀል ደርቀው ቆመዋል። «እኛ ቁርስ ልንበላ ነው የመጣነው» ይላሉ ደጋግመው፤ የሚሰማቸው የለም። መምህርቷ ባልደረባችን ነገሩ ሳይገባት አብራ ታለቅሳለች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ቤቱ ስለጠፋቸው ሁለት ሽማግሌዎች ለምነው፣ እነሱን አስቀድመው፣ ሳይነጋጋ በሩን አንኳኩተዋል። «የልጅዎ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነን» ከማለታቸው እናቴ ጮኸች። የትኛዋ እናት ታስጨርሳለች? ሞኝ እንኳ ይህን አይስተውም!

እናቴ ስታየኝ ተጠመጠመችብኝ። ፊቴን ዳሰሰች፤ ሳቀች፤ እልል ማለትም ቃጣት። እኔም ልስቅ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን ልቅሷቸውን አልተዉም። በሕይወት መኖሬን በዓይናቸው እያዩ ደረታቸውን ይመታሉ።

የእናቴ የንስሐ አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ አንተ እስክትመጣ ብለን ነበር የደበቅናት። እንግዶቹ ማልደው ከሽማግሌ ጋር ሲመጡ፣ ለመርዶው አንተ የላክሃቸው መስሎን ወጣን» አሉኝ። ከግንባር የተመለሰ ቁስለኛ የወንድሜን ነገር ነግሯቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ያላወቅነው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

እናቴ እጄን አልለቀቀችም። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ይኸው አለህልኝ» አለች። «እንግዲያ እኒህ ለማን ነው የሚያለቅሱ?»