ጋሽ ይግዛው ያልጠየቁት ፎቶ

ጋሽ ይግዛው ስቶክሆልም ዳር፣ ሱንድቢበሪ ከተቀመጡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ፌራዮ፣ የኮንክሪት ብረት አሳሪ ነበሩ። የስቶክሆልምን ግማሽ ፌሮ ያሰሩት እሳቸው ናቸው ሲባል፣ «ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ማን አሰረው?» ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው። የስዊድን መሬት በበኩሉ ጨዋ ነው፤ ልነቃነቅ ቢል እንኳ ከሦስት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ያሳውቃል። ፌሮ ያልገባበት የእሳቸው ቤት መተሐራ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ አባታቸው በድንጋይና በጭቃ ያቆሙት ባለ አራት ሱቅ ነው። መሬት የሚንቀጠቀጠውም እዚያ ነው።

ያን ሰሞን ምድር ሲናጥ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ መሠረት ተሰነጠቀ። መሐንዲስ አየውና፣ «ዙሪያውን በኮንክሪት ቀበቶ ካልታሰረ በሚቀጥለው ይወርዳል» አለ። ዋጋው የአሥራ አምስት ዓመት ኪራይ። ባንክ ለተሰነጠቀ ቤት አያበድርም። ኪራይ ልጨምር ብለው ተከራያቸው ለሆነው ልብስ ሰፊ፣ ለብዙአየሁ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ፌሮ ደንበኛ አይጠራልኝም። ኪራይ ከጨመሩብኝ እኮ መንቀጥቀጡን ሳልጠብቅ ነው የምወድቀው።»

«ቤቱ ቢወርድብህስ?»

«እሱ አንዴ ነው ጋሼ። ኪራይ በየወሩ ነው።»

ጭማሪውን ትተው፣ እዚያው ስዊድን፣ ሶለንቱና የያዟትን የአትክልት ቦታ ከነጎጆዋ ሸጡ።

«ሃያ ዓመት ያለማሁትን ጎመን ነቅለህ ድንጋይ ልትደግፍ?» አለች ባለቤታቸው ውብነሽ። ግን ፈረመች። ገንዘቡም ቤቱን በፌሮ እንዲያሳስር መተሐራ ላለው ለእህታቸው ልጅ፣ ለሽፈራው ተላከ።

ስቶክሆልም ውስጥ ጋሽ ይግዛው የታሰረው ፌሮ ፎቶ ሳይነሳ ኮንክሪት አስፈስሰው አያውቁም። አንዴ ፎቶው የለም ብለው የኮንክሪት መኪና ሆዱን እያዞረ ሁለት ሰዓት በረዶ ላይ አቁመዋል። የእህትን ልጅ ግን እንዴት ተብሎ? ስልኩን ያነሳሉ፣ «ፎቶውን» ሊሉ ይሉና ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ «እናትህ ደኅና ናት?» ብለው ይዘጋሉ። ልጁ ተጠረጠርኩ ቢልስ?

በሦስተኛው ወር ሽፈራው ራሱ ቪዲዮ ላከ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወትና አልሙኒየም ለብሷል። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር ያለ ጥቁር መነጽር አያልፈውም።

ደወሉ። «ስንጥቁስ?»

«ተሸፈነ አጎቴ!»

«ፌሮውስ?»

«ፌሮ እኮ አይታይም። በዚህ ግን ኪራዩ ሦስት እጥፍ ሆነ። ባንክ ሊገባበት ነው፤ የሁለት ዓመት ኪራይ ቅድሚያ ከፍሏል። እሱንም መስታወቱ ላይ ጨመርኩት። ይደሰታሉ ብዬ ነው።»

«ብዙአየሁስ?»

«ኪራዩን አልቻለም፣ ወጣ። መንገድ ማዶ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይሰፋል።»

ውብነሽ ከጎናቸው ሆና ሰምታለች። «ዝም በል» አለች፤ «ቅድሚያው ሲያልቅ በአምስት ዓመት ኪራይ ታስረዋለህ።» ስሌቷ ልክ ነው። መሬቱ ሰባት ዓመት እንደሚታገስ ግን ማንም አልፈረመላቸውም።

«ባንኩ ውስጥ ስንት ሰው ይሠራል?» አሉ በስልኩ።

«ስድስት። ከጥበቃው ጋር ሰባት።»

በማግስቱ ለባንኩ ደውለው ከአልሙኒየሙ ጀርባ ያለውን ተናገሩ። ባንኩ ውሉን አፍርሶ ቅድሚያውን መልሱ አለ። ሽፈራው፣ «ከእንግዲህ አጎት የለኝም» አለ። እህታቸው ስልክ አታነሳም። ቅድሚያውን ለመመለስ ከጡረታቸው ላይ በየወሩ እየተቆረጠ ወደ መተሐራ ይሄዳል። ለማሰሪያ የሚሆን ከየት ይምጣ? ቤቱ ባዶውን ተቆልፎ ያበራል።

በቀደም ብዙአየሁ ደወለላቸው። «መስታወትዎ ጠቀመኝ» አለ። «ደንበኞቼ አዲሱን ሱሪ ለብሰው፣ ተሻግረው ቤትዎ ላይ ራሳቸውን ያያሉ።»

ጋሽ ይግዛው ደነገጡ። «ኧረ እንዳይጠጉት! ንገራቸው!»

«እነግራቸዋለሁ ጋሼ። ግን ከሩቅ ስፌቱ አይታይም ይሉኛል።»