በኅዳር ሚካኤል ያልከፈትሁት በር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ፊት አቆሙኝ። መምህሩ ስለ አብርሃም ድንኳን አስተምሮ ሲጨርስ እጁን ወደ እኔ ዘረጋና፣ «አብርሃምን ሩቅ አትፈልጉት። እማማ አስቴር ቤት ሂዱ። ለሕክምና ከገጠር መጥቶ ማደሪያ ያጣ ሰው የሚጠጋው እሳቸው ዘንድ ነው» አለ። ልጆቹ እልል አሉ። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ትሕትና አልነበረም። እንግዳ መቀበል የጀመርሁበትን ምክንያት እግዚአብሔር ያውቃል። አንዲት ሴትም ታውቃለች።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከሸዋ ጅማ ከገባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። በፍልሰታ ጾም እኔና እማዬ የታመመች አክስቴን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርን። ክረምቱ የጠና ነበር። አሰንዳቦን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት አገኘነው፤ አውቶቡሱ ዞሮ አሰንዳቦ መለሰን። ተሳፋሪው ተበታተነ። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ወደ አልቤርጎ ሄደ። እማዬን ከጠዋት ጀምሮ ወባ ያንቀጠቅጣት ስለ ነበር መራመድ አልቻለችም። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጋቢ ደራርቤ አስቀመጥኋት። ሰው ያልፋል፣ ያየናል፣ ያልፋል።

በቆሎ እሸት የተሸከመች አንዲት ሴት ግን ቆመች።

«የማን እንግዳ ናችሁ?» አለች።

«የማንም» አልኋት።

«እንግዲያው የአላህ እንግዳ ናችኋ! ኮታ፣ ኑ፣ ተነሡ» አለችና ሸክሟን ለእኔ አስይዛ እማዬን ደገፈቻት።

ሰፈሩ ሃዳ ዘሃራ ይላታል፤ በኦሮምኛ የዘሃራ እናት ማለት ነው። ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። አልጋ ያለበትን ክፍል ለእኛ ለቀቁና እናትና ልጅ በቆሎ ከተከመረበት ጥግ ምንጣፍ ዘርግተው ተኙ።

እማዬ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆና እንኳ ጾሜን አልፈታም አለች። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። በእስላም ቤት ድስት የተሠራ ምግብ እንዴት እንበላለን? ያደግሁት እንዲህ አይደለማ። አፍ አውጥቼ አልተናገርሁም። ሃዳ ዘሃራ ግን ገባት። በዝናብ ከመንገዱ ማዶ ወዳለች ክርስቲያን ጎረቤቷ ተሻገረችና ድስት ተውሳ መጣች። ክዳኑን ከፍታ ለእማዬ አሳየቻት።

«ይኸው፣ የጾም ድስት ነው። ሥጋም ቅቤም አልነካውም። ዘይቱም ከእሷው ቤት ነው።»

«ኧረ እቴ፣ በዚህ ዝናብ ምን አስቸገረሽ!»

«ድስቱ እግር የለው። እኔ አለኝ» ብላ ሳቀች።

አምስት ቀን ተቀመጥን። ጎመን በቃሪያ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ፍም ላይ የተጠበሰ እሸት በላን። ጭሱ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ ዘሃራ ትስቅብኛለች። «የከተማ ልጅ! በቆሎም በሹካ ነው አይደል የምትበሉት?» እኩያዬ ነበረች፤ ስትሮጥ የሚደርስባት የለም። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ የሙዝ ቅጠል ደፍተን በጭቃው እንሽቀዳደም ነበር። ሁልጊዜ የምትቀድመው እሷ ናት።

እማዬ ተሻላት። አክስቴም ደኅና መሆኗን ሰው ነገረንና ወደ ጅማ ተመለስን። ስንለያይ እማዬ የሃዳ ዘሃራን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ሃዳ ዘሃራ ከለከለቻት። «እንግዲህ ጅማ መጥተሽ ሌላ ቤት ብትገቢ በሚካኤል ነው የምልሽ፣ እቀየምሻለሁ» አለቻት እማዬ።

ሦስት ወር አለፈ። ቡናው ቀላ፤ ለቀማው ተጀመረ። በኅዳር ሚካኤል የወላጆቼ ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ካህኑ ባርከው እንግዶች ተቀምጠዋል፤ የአባቴ አለቃ ባለቤት እንኳ ከልጇ ጋር መጥታለች። ልጅቷ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው፤ እንድትወደኝ እፈልግ ነበር። ጠዋት ለነዳያን በር ላይ ዳቦ ያደልሁት እኔው ነኝ። ለነዳይ መስጠት ቀላል ነው፤ ተቀብሎ ይሄዳል። እንግዳ ግን መቀመጫ ይፈልጋል።

በሩ ተንኳኳ። ገርበብ አድርጌ ከፈትሁ።

ሃዳ ዘሃራ ናት። ዘሃራ ትከሻዋ ላይ ተደግፋለች። አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች በጨርቅ ተጠቅልሏል። የቁስሉ ሽታ ካለሁበት ደረሰኝ።

«አስቱዬ! አደግሽ እኮ፣ ማሻአላህ» አለች እናቲቱ። «ይቺን ቡና ስትለቅም ጉቶ ወጋት፤ ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሙ ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት መርፌ ትወጋ፣ ይታጠብላት፣ አለዚያ እግሯን ታጣዋለች አለን። ሰባት ቀን ጥግ ስጡን ብለን ነው።»

ዘሃራ ፈገግ አለችልኝ።

ወደ ኋላዬ አየሁ። የክፍሌ ልጅ ከሳሎኑ ደጃፍ ቆማ አንገቷን አስግጋለች። ያን ጨርቅና ያን ሽታ ይዤ በእሷ ፊት ማለፍ ታየኝ። አፌም የሚለውን አገኘ።

«ዛሬ ማኅበር ነው። ቤቱ ሁሉ የክርስቲያን ሥጋ ነው፤ ለእናንተ አይሆንም። ሄርማታ ሰፈር ብትሄዱ የእናንተ ሰዎች አሉ።»

«እኛ ለሥጋ አልመጣንም፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «እማማሽ የለችም?»

«የለችም።»

በዚያው ቅጽበት እማዬ ከጓሮ ስትስቅ ተሰማች። ሃዳ ዘሃራ ሰማች። ጭንቅላቷን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጋ መለሰችው። ከእኔ ዓይኗን አልነቀለችም።

«እሺ» አለች። «ስትመጣ ሰላም በያት።»

በሩን ዘጋሁ። ማነው ብለው ሲጠይቁኝ መንገድ የጠፋባቸው ናቸው አልሁ።

ያቺ ሴት በዚያው የምግብ ሥርዓት ምክንያት በዝናብ መንገድ ተሻግራለች። እኔ በዚያው ሥርዓት በር ዘጋሁ። እሷ እንድንበላ አሰበችበት፤ እኔ እንዳይገቡ አሰብሁበት። ሃይማኖቴን ያከበርሁ መስሎ መታየቱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ለገና ጥቂት ቀናት ሲቀሩ እማዬ፣ «ሃዳ ዘሃራ ለቡና ሽያጭ እንኳ ጅማ ሳትመጣ ቀረች? እንጠይቃት» ብላ ይዛኝ ሄደች። እንዳትሄድ የማደርግበት ሰበብ አጣሁ። አሰንዳቦ ስንደርስ ዘሃራ ደጃፍ ላይ ምርኩዝ ይዛ ተቀምጣለች። ተነሥታ ልትስመን ስትል እግሯ አልታጠፈም። ሁለት ቀን በሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ተኝታ መርፌውን ተወግታለች። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ሲጠናባት እናቷ ይዛት ተመለሰች። ሌላ በር ለማንኳኳት ፊት አልነበራትም። እግሩ አልተቆረጠም፤ ግን ደርቆ ቀረ።

እማዬ ደረቷን መታች። «እኔ እያለሁ! እንዴት ወደ ቤቴ አልመጣችሁም?»

ሃዳ ዘሃራ አየችኝ። መሬት መሬት አየሁ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ብትናገር ደስ ይለኝ ነበር።

«መጥተን ነበር» አለች። «በሩ ተዘግቶ ሰው አጣን። የአላህ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

ከዚያ ተነሥታ ምሳ ልትሠራልን እሳት አነደደች። በላሁ። እማዬ እውነቱን ሳታውቅ ሞተች። ሃዳ ዘሃራም ብዙ ሳትቆይ ተከተለቻት።

ካህናት ስለ እንግዳ ሲያስተምሩ አብርሃምን ያነሣሉ። እኔ የማስበው በረኃብ ዘመን ነቢዩን የመገበችውን የሰራፕታዋን መበለት ነው። ከእስራኤል ወገን አልነበረችም። እፍኝ ዱቄት ነበራት፤ ያንኑ ጋገረችለት። ደግሞ ለእመቤታችን ማደሪያ የለም ያሉትን የቤተ ልሔም ሰዎች አስባለሁ። ያልዋሹ ይመስለኛል፤ ቤቱ እውነት ሞልቶ ነበር። የኛም ቤት ሞልቶ ነበር። እንግዳን አትግፋ፣ አንተም እንግዳ ነበርህና የሚለው ትእዛዝ ሲነበብ ሌላው ሰው አባቶቹን ያስታውሳል። እኔ የራሴን ሦስት ወር እቆጥራለሁ።

ካገባሁና ቤት ከያዝሁ ጀምሮ በሬን ለሕመምተኛ ከፍቻለሁ። ቁስል አጥቤአለሁ፤ አልጋዬን ለቅቄአለሁ። አምላኬ ጤናና ጉልበት ስለ ሰጠኝ አመሰግነዋለሁ። ግን አንዱም እንግዳ ዘሃራ አልነበረም።

የእሑዱ እልልታ ከጆሮዬ አልወጣ ሲል ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። በአሰንዳቦ ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ ከእማዬ ጋር ከሄድሁበት ቀን ወዲህ ግን ወርጄ አላውቅም ነበር። ዘሃራ የእናቷን ቤት አልለቀቀችም። በመንገዱ በኩል ሱቅ ከፍታበት ጨውና ሳሙና ትሸጣለች። ገና ሳያት ዐወቀችኝ።

«አስቱ ነሽ» አለች። «አረጀሽ።»

ደጃፏ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ስለ ክፍሌ ልጅ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ውሸቴ። ጨው እየመዘነች ሰማችኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ። ይቅር በይኝ።»

«እናቴ ሳትሞት አውፍ ብላሻለች። ለሰው እንዳትናገሪ፣ የልጅ ነገር ነው አለችኝ።» ሚዛኑን አስቀመጠች። «እኔም ያኔ ልጅ ነበርሁ፣ አስቱ። በዚህ እግር ማንም አላገባኝም። ልዋሽሽ? አውፍ አላልሁሽም።»

ልሄድ ዞርሁ። ከወደ ጊቤ ዝናቡ እየመጣ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «አትመቺኝም፤ ግን በእናቴ ቤት ደጃፍ የቆመን ሰው ዝናብ አይመታውም። ግቢ።»

ገባሁ። በምርኩዟ እየተደገፈች ወንበር አመጣችልኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥሁ።

እንግዳ መቀበል ከፍቅር የሚወለድ ይመስለኝ ነበር። ዘሃራ አትወደኝም፤ ተቀበለችኝ። በመመለሻዬ ስለ ሻዩ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ተጠለልሁበት ጣሪያ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ስለ ይቅርታው አላመሰገንሁም። አልተሰጠኝም።