ፈቃደኛ ምልምሎች

ታጣቂዎች የያዙኝ ጭድ ተራ፣ ከሱቄ በር ላይ ነው። «ሰው ከመንገድ እየታፈሰ ለውትድርና እየተወሰደ ነው» ብዬ ፌስቡክ ላይ ጽፌ ነበር። በጥፊ አጩለው ስልኬን ቀሙኝና በርበሬ በረንዳ አጠገብ ያለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ወረወሩኝ። ከወለሉ የሚነሳው የበርበሬ ብናኝ ዓይን ያቃጥላል። ከመንገድ የታፈሱ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ሲያስሉ ይመቷቸዋል፤ ሲመቷቸው ሳላቸው ይብሳል።

ከጎኔ የነበሩት አርባን የተሻገሩ ተሸካሚ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለምን ያዙዎት?»

«ጉልበት አለህ አሉኝ!» ብለው ሳቁ። «እኛ እንኳ ጆንያ ስናሸክም ‹ልጫን?› ብለን እንጠይቃለን። ሰውየው ‹ጫን› ካላለ ጀርባው ላይ ምንም አይወጣም። ወገብ ነዋ!»

በማግስቱ ጠዋት የታጣቂዎቹ አለቃ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

«የተማርክ ነህ አሉ። ስማቸውን ጻፍና ቤትህ ግባ።»

ወረቀቱ አናት ላይ «በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ምልምሎች» ይላል። እኔ የማውቀው ምልምል ተመርጦ፣ እሺ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከታክሲ ሰልፍ በማጅራቱ ተጎትቶ የመጣ ሰው ምኑ ነው ምልምል?

እውነቱን ለመናገር ልጽፍ ነበር። ዱላው አንገሽግሾኛል፤ ቤቴ ናፍቆኛል። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ነው ቀና ብዬ ጋሼን ያየኋቸው።

«ጋሼ፣ ልጻፍዎት?»

«አትጻፍ።»

ቀጣዩን ጠየቅኩ። አሥራ አንዱንም ጠየቅኩ፤ «ጻፍ» ያለኝ የለም። ባዶውን ወረቀት ለአለቃው መለስኩለት።

ቀኝ እጄን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው በጠመንጃ ሰደፍ ደጋግመው መቱት። ሦስት ጣቶቼ ተሰበሩ። ጋሼ ሊነሱ ሲሉ ደረታቸውን በከስክስ ጫማ ብለው ጣሏቸው። ከሰዓት ሌላ ጸሐፊ አምጥተው ሁሉንም አስጻፉ፤ ጣታቸውን እየያዙ አስፈረሟቸው። መኪና ጭኗቸው ሄደ። እኔን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱኝ።

ከሰባት ወር በኋላ ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሽንኩርት ወደሚሸጡት የጋሼ ባለቤት ነው። ቦታውን ጋሼ ነግረውኝ ነበር።

«ወረቀት አሳይተውኛል» አሉኝ። «በፈቃዱ ሄደ ይላል። እውነት ወዶ ነው ጥሎኝ የሄደው?»

«አይደለም፣ እትዬ። እኔው ራሴ ጠይቄያቸዋለሁ። አትጻፍ ነው ያሉኝ።»

የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

ጋሼ እስካሁን አልተመለሱም። ክረምት ሲገባ ጣቶቼ ይጠዘጥዙኛል፤ እናደዳለሁም። ግን ያን ቀን ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬን በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?