የእራት ጠረጴዛዋ ኢንስፔክተር

ሞባይል ጠጋኙ ሥራውን ቤቱ ድረስ ይዞ የሚገባ ሰው ነበር። ቀን መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ ሲፈታና ሲገጥም ይውልና፣ ሲመሽ ስክሪን የቀየረላቸውን ስልኮች በፌስታል ይዞ መጥቶ እራት ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸዋል። አዲስ ስክሪን አይታመንም፤ ጣት የማይሰማ ጥግ አያጣም። ለሙከራው ደግሞ ከአራት ዓመት ሴት ልጁ የሚሻል አላገኘም። ፊኛ የሚፈነዳበት ጌም ይከፍትላታል፤ እሷ ከጥግ እስከ ጥግ ታፈነዳለች፤ እምቢ ያለ ፊኛ ካለ ችግሩ እዚያ ጋ ነው። «ኢንስፔክተር» ብሎ ስም አወጣላት። ለደንበኞቹ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ያወራላት ነበር፤ አባት ሲኮራ ደግሞ ማን ይችለዋል?

ኩራቱን ያበረደችው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ልጅቷን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አስተማሪዋ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ከልጆች ጋር አትጫወትም። ሲጠሯት ቀና አትልም። የሥዕል መጽሐፍ ሲሰጧት በጣቷ ትገፋዋለች፣ ሥዕሉ አልቀየር ሲላት ታለቅሳለች።»

«ልጅ አይደለች እንዴ? ይተዋታል።»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ላንተ ነው።»

እውነት ስለሆነ አመመው። ያበላሻት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንገቱን ይይዝ ነበር፤ የራሱን አንገት ግን እንዴት ይያዝ? በማግስቱ ስልኮቹን ሱቁ ውስጥ ቆልፎባቸው ባዶ እጁን ገባ። የራሱንም አጥፍቶ ቁም ሳጥን ላይ ወረወረው።

ልጅቷ ወለል ላይ ተንከባለለች፣ ጮኸች፣ እራቷን ገፋች። ባልና ሚስት ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። ሰንበትበት ሲል ለቅሶው ቀረ፤ እናትየዋ «ለመደችው» ብላ ተነፈሰች።

እሱን ግን ሌላ ጭንቅ ያዘው። ከልጁ ጋር ሲቀመጥ የሚያወራው አጣ። «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይላታል። «ምንም» ትለዋለች። ከዚያ ሁለቱም ጠረጴዛውን ያያሉ። ሰው ከገዛ ልጁ ጋር ወሬ ያልቅበታል? ያልቅበታል። ለካ እስከዛሬ ያወሩት ስለ ስክሪን ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት ሲገባ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። እጇን ታጥባ፣ ጣቶቿን በቀሚሷ አድርቃለች።

«ስልክ የለም ብዬሻለሁ አይደል፣ የኔ እናት?»

«አውቃለሁ» አለችው። ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ «አባዬ፣ ሌላ ልጅ ነው የምትሞክርልህ?»

ያ ሁሉ ለቅሶ ለስልኩ መስሎት ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ሌላ ልጅ የለም። ማንም የለም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»