በግንቡ ግርጌ የደፈንኳት ቀዳዳ

ወገኖች፣ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። ዛሬ እኔም ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ። ጽፌ ነው የመጣሁት። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነውና ቀስ ብዬ ሳነብ ታገሡኝ። በቃሌ ብናገር መሐል ላይ ከአንዳችሁ ጋር መጣላቴ አይቀርም፤ ወረቀቱ ይሻላል።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ደምሴ ለሳኙ ነኝ። ያረጀሁት ሐረር ጀጎል ውስጥ ግንብ ስለስንና ኖራ ስቀባ ነው። ሰው ሲያለቅስ ማየት አልወድም። እዚህ መድረክ ላይ ለቅሶ ሲበዛ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ የእኔ ምስክርነት እንባ የለበትም። ውሃ ግን ብዙ አለበት።

ቤቴ ቁልቁለት ላይ ነው። ከበላዬ ያለው ግቢ የሐጂ ኡስማን ነው። ሐጂ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን እግራቸው ስለደከመ ቤት ይውላሉ። በእኛ ሰፈር ደንብ አለ። የላይኛው ግቢ የዝናብ ውሃ በግንቡ ግርጌ ባለች ቀዳዳ ወደ ታችኛው ግቢ ይገባና በዚያ አልፎ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ማንም አልጻፈውም፤ ከአባቶች ጀምሮ እንዲሁ ነው። የታችኛው ሰው «ውሃህን አልቀበልም» አይልም። እሱም በተራው ከበታቹ ወዳለው ያወርዳላ።

እኔ ግን አልኩ። አንድ ዓመት በቀዳዳዋ አፍ ላይ ቃሪያ ተክዬ ነበር። እነሐጂ ልብስ አጠቡና የሳሙናው ውሃ ወርዶ ቃሪያዬን አቃጠለው። በግንቡ ላይ ጮህኩባቸው።

ሐጂ ብቅ ብለው አዩና፣ «አንተ ደምሴ፣ ቦይ ላይ ቃሪያ የሚተክል ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብለው ሳቁ።

ከሳሙናው ይልቅ ሳቃቸው አቃጠለኝ። በማግስቱ ቀዳዳዋን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኳት። ሥራዬ አይደል፣ አሳምሬ ነው የደፈንኳት። ጠብታ አታሳልፍም።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሐጂ ግቢ ይሞላል። ውሃው ደጃፉን አልፎ መደቡ ሥር ይገባል። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እርጥበቱ አባሰባቸው። በባልዲ እየቀዱ ሲደፉ በግንቡ በኩል እሰማቸው ነበር። ሽማግሌ ላኩብኝ፤ አልሰማሁም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አልደበቅኩት፣ እኮራበት ነበር።

ወደዚህ አዳራሽ የመጣሁት እንዲህ ሆኜ ነው። የመጣሁትም ሐኪሙ፣ «ምረጥ፤ ወይ አረቄህን ወይ ጉበትህን» ስላለኝ ነው። ባለቤቴ እጄን ይዛ አመጣችኝ። ጸለያችሁልኝ፣ መጠጡን ተውኩ፣ ጤናዬ ተመለሰ። ጌታ የተመሰገነ ይሁን፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። እጄን አነሳሁ፣ አሜን አልኩ፣ የጥምቀት ትምህርት ገባሁ። ንስሐ የሚለው ትምህርት ላይ ስንደርስ ለአስተማሪያችን ለእህት አስቴር፣ «ይህን ዝለይው ልጄ፤ እኔ አረቄውን ትቻለሁ» አልኳት። እሷ ግን አልዘለለችውም።

ከዚያ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። የከባድ ዝናብ ማግስት ነበር። በሩ ተሳስቶባት መጀመሪያ የሐጂ ግቢ ገብታለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ግቢዬን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ጋሽ ደምሴ፣ የእርስዎ ግቢ እንዴት እንዲህ ደረቀ?» አለችኝ።

«በጌታ ቸርነት ነው» አልኳት።

እየሳቃችሁ ነው። ሳቁ፤ እሷም ስቃለች። ከዚያ ግንቡ ሥር ሄዳ ሲሚንቶውን አየችው። ባለቤቴ ደግሞ ሳትጠየቅ ሁሉንም ነገረቻት።

አስቴር ጫማዋን እያራገፈች፣ «ይህችን የደፈኑ ጊዜ ነው ጌታን የተቀበሉት ወይስ በኋላ?» አለችኝ።

«በኋላ ነው።»

«ታዲያ እሱ ሲገባ ይህችን አላያትም?»

ተናደድኩ። ልጄ የምትሆን ናት። ሻይዋን ሳትጨርስ ሸኘኋት፤ ሰንበቱንም እዚህ አልመጣሁም።

ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቃሉ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከገባ በሲሚንቶ አይደፈንም። አስቤ አስቤ አንድ መላ አገኘሁ። አረፋ ደርሶ ነበር። እንደምታውቁት ለበዓሉ የጀጎል ቤት ሁሉ ይቀባል። ኖራዬን በጥብጬ፣ ብሩሼን ይዤ፣ የሐጂን በር አንኳኳሁ። «ቤቱን በነጻ ልቀባልዎት ነው» አልኩ። ቀዳዳዋን ግን አልነካሁም። አያችሁ? በደሌን ሳልተው በደግ ሥራ ልሸፍነው ነበር። ለእግዚአብሔርም ያሰብኩለት ይህንኑ ነበር።

ሐጂ አስገቡኝ። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ እርጥብ ነው። እርጥብ ግድግዳ ኖራ እንደማይዝ የማንም ለሳኝ ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አውቄ ቀባሁት። ተሸክሜ የሄድኩት እሱን ብቻ ነዋ። ቤቱ ነጭ ሆነ፣ እኔም ቀለለኝ። በበዓሉ ሁለተኛ ቀን እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ኖራው ተነፋፍቶ ልጣጭ ልጣጩ በእንግዶቹ ልብስ ላይ ወረደ።

ሐጂ አስጠሩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ከትከሻቸው ላይ ኖራ እያራገፉ፣ «ደምሴ፣ አላህ ይስጥህ፤ ደክመሃል» አሉኝ። «ግን እኔ ኖራ አልጠየቅኩህም። ኖራህን ተውና ውሃውን አሳልፈው።»

ወገኖቼ፣ እኔ የሐጂን ሃይማኖት አልሰብክላችሁም፤ እሳቸውም የእኔን አልሰበኩልኝም። ጌታ ግን በእሳቸው አፍ ነገረኝ። ከእኔ የሚፈልገው ኖራዬን አልነበረም።

መሮና መዶሻ ይዤ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። እጄ እምቢ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መክፈት አልፈለግኩም። ያ ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን የጸለይኩት ጸሎት እዚህ ከሚጸለየው አይመሳሰልም። «ጌታ ሆይ፣ እኔ አልፈልግም። እንድፈልግ አድርገኝ። ካላደረግከኝ እዚሁ እንደተቀመጥኩ ነኝ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በኋላ መሮው ድንጋዩን ሲመታ ሰማሁ። የሚመታው የእኔ እጅ ነበር።

ከወዲያ በኩል ሐጂ ተጣሩ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ልታጠብቀው ነው?»

«ልከፍተው ነው፣ ሐጂ።»

 ከዚያ፣ «ቆይ፣ ከዚህ በኩል ያለውን ጭቃ ልጥረግልህ» አሉ። በደካማ እግራቸው ተንበርክከው ሲጭሩ ይሰማኛል። ድንጋዩ ሲወጣ የከረመው ጥቁር ውሃ ፊቴ ላይ ነው የመጣው። ጌታ የተመሰገነ ይሁን፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚሸት ውሃ አስደስቶኝ አያውቅም።

ወደ አስቴር ሄጄ፣ «አሁንስ ከፈትኩ፤ አሁን ዳንኩ?» አልኳት።

«ጋሽ ደምሴ» አለችኝ፣ «ጀርባዎን ሰጥተውት በቆሙ ጊዜም እጁ ተዘርግቶ ነበር። ዞሩ፤ አዩት፤ ያዙት። መዞርዎ እጁን አላስዘረጋውም።»

እኔ የገባኝን በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። መዳን በንስሐ አይገዛም፤ መስቀሉ ላይ ያለቀ ነገር ነው፤ የምንቀበለው በእምነት ነው። ንስሐ ማለት ግን ማዘን ብቻ አይደለም፤ እኔ አላለቀስኩም። ደግ ሥራ መደረብም አይደለም፤ ደርቤ አይቼዋለሁ፣ ይላጣል። ንስሐ መዞር ነው፤ መዞሩንም እሱ ይሰጣል። እጁን ይዣለሁ እያለ ግንቡን ደፍኖ የሚኖር ካለ ግን፣ የያዘው የማንን እጅ እንደሆነ ደግሞ ይመልከት።

ተጠምቄያለሁ። ጠባዬ ገና ነው፤ ባለቤቴ እዚህ አለች፣ ጠይቋት። የሳሙናው ውሃ ዛሬም በግቢዬ ያልፋል፣ እኔም ዛሬም አጉረመርማለሁ። ቃሪያው ግን ወደ ሌላ ጥግ ሄዷል። ባለፈው ዝናብ ሐጂ ከላይ ሆነው፣ «ደምሴ፣ ደረሰህ?» አሉኝ። «ደረሰኝ፣ ሐጂ» አልኳቸው። የእማማ ዘይነባ ቤት ደርቋል። ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ።

እናንተም ልባችሁ እምቢ ካላችሁ «አልፈልግም» ብላችሁ ንገሩት። አይደነግጥም። እኔን ከደጁ ያልመለሰ ጌታ እናንተንም አይመልስም። ኖራችሁን ግን ውጭ አስቀምጡትና ግቡ።