ቀድሞ የደረሰው ጎማ

አገኘሽ ኦይታ አርባ ምንጭ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። ሴቻ ሰፈር የማታውቀው በር የለም፤ ውሾቹም ስለለመዷት አይጮሁባትም። ዕድሜዋን በእግሯ የኖረች ሴት ስትሆን መኪና መንዳት የተማረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ እሱንም ለአባቷ ብላ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበርና አብሬ አይቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል።

አባቷ አባባ ኦይታ የገረሴ ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከታከሙ ወዲህ ከደጋው ወርደው ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ ሲቀመጡም ተዘርግቶ ነው። ሙቀቱንም ትንኙንም ችለውታል። ያልቻሉት የመስቀልን ዋዜማ ነው። በእነሱ ወገን ችቦ መጀመሪያ የሚለኮሰው በባይራው፣ በበኩሩ ልጅ ደጅ ነው። ባይራው እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ችቦ ሳይበራ ከታናናሾቻቸው ቤት አንድም ችቦ አይበራም።

ለዚህ ነበር አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሟ ይፍሩ ያገለገለች ትንሽ አረንጓዴ መኪና የላከላቸው። መኪናዋ ከአውሮፓ የመጣች፣ የምታምር ነገር ነበረች። ጎማዎቿ ግን ለብቻቸው ጉድ ነበሩ። ጎናቸው ወፍራምና ደንዳና ስለሆነ ቢበሱ እንኳ አይተኙም፤ አየር ሳይኖራቸው ከከተማ ከተማ ያደርሳሉ። ለዚያም ነው መኪናዋ ስትሠራ ትርፍ ጎማ ማስቀመጫም ክሪክም ያልተሰጣት።

አስፋልት ላይ ወደ ምዕራብ ዓባያ ስንሄድባቸው ምንም አይሉም። የገረሴን ኮረኮንች ስንጀምር ግን እያንዳንዷ ጠጠር ሳትጎድል ወንበሩ ድረስ ትመጣለች። በ2005 የመስቀል ዋዜማ አባባ ኦይታ ግማሽ መንገድ ድረስ ጥርሳቸውን ነክሰው ሄዱ። አንድ ድንጋያማ ኩርባ ላይ ስንደርስ ግን በቀስታ፣ «አገኘሽ፣ መልሽኝ» አሉ። መለሰቻቸው። በዚያ ምሽት ገረሴ ያሉት ወንድሞቻቸው እኩለ ሌሊት እስኪቀርብ በጨለማ ጠብቀው ችቦውን ሳያበሩ እንደተኙ በኋላ ሰማን። አባባ ኦይታም፣ «በሚቀጥለው ካልደረስኩ ባይራነቱን ለታምሩ እሰጣለሁ። ሰው በእኔ ዳሌ ምክንያት በጨለማ አያድርም» አሉ። ታምሩ ታናሽ ወንድማቸው ነው። አገኘሽ ይህን ከሰማች ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ጎማ ጎማ ስትል ከረመች።

በጳጉሜን መኪናዋን ይዛ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ጎሚስታ ወደ ካሱ ሄደች። ካሱ እንደ ልማዱ ጎማውን በእግሩ ጠለዘውና እግሩን ያዘ።

«እቴ፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ ጉቶ?»

«አውልቅና ሰው የሚነዳበት ጎማ ግጠምልኝ።»

«እነዚህ እኮ ተበስተውም ያደርሱሻል። ተራ ጎማ ከተበሳብሽ እዚያው ነሽ።»

«የሚያደርሱት መኪናውን ነው። አባቴን አላደረሱትም።»

ካሱ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። አራቱን ለማውለቅ ከረዳቱ ጋር በላብ ተጠመቀ። አውልቆ ሲጨርስ በሩ ላይ ደረደራቸው፤ ደንበኞቹ ዛሬም ይቀመጡባቸዋል፣ ወፍራም ሰው ቢቀመጥባቸውም አይጎብጡም። በምትካቸው የገቡት ተራ ጎማዎች በኮምፕሬሰሩ አየር ሲሞሉ መኪናዋ ቀስ ብላ እንደ እንጀራ ሊጥ ከፍ አለች። ለካ ጎማ ማለት አየር ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ስብራትና አንድ ዓመት ሙሉ የከረመ ሐዘን ተራራ የሚወጡት በትንሽ አየር ላይ መሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ችግሩ አምስተኛው ጎማ ነበር። ይፍሩ ቸርኬውን በአውቶቡስ ላከው፤ ካሱም ጎማ ገጠመበት። ነገር ግን ከኋላ ያለችው ዕቃ መጫኛ አልበቃችውም። የኋላው ወንበር ደግሞ የአባባ ኦይታ እግር መዘርጊያ ነው። አገኘሽ ግማሽ መንገድ ላይ ሻይ ቤት ላላት ለሸዋነሽ ጎማውን በአንድ የአይሱዙ ሹፌር በኩል አስቀድማ ላከች። ጎማ ከተበሳብን ከላይም ሆነ ከታች ለሸዋነሽ ቅርብ ነን ብላ ነው።

ካሱ ሳቀባት። «ትርፍ ጎማ ከመኪናው ጋር ይሄዳል እንጂ እንደ አማላጅ ሽማግሌ ቀድሞ ይላካል እንዴ?»

«የእኔ ይላካል» አለችው።

በዋዜማው ጠዋት ሦስታችን ተነሣን፤ እሷ መሪው ላይ፣ እኔ አጠገቧ፣ አባባ ኦይታ ከኋላ በትራስ ተደግፈው። መኪናዋ ኮረኮንቹን ስትጀምር አገኘሽ በመስታወቱ የአባቷን ፊት እንጂ መንገዱን የምታይ አትመስልም ነበር። ሐይቆቹ ከበታች እየራቁ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ብዙ ከወጣን በኋላ አባባ ኦይታ፣ «ያ ክፉ ኩርባ የት ደረሰ?» አሉ።

«አለፍነው፣ አባባ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

ወደ ኋላ ዞረው ለማየት ሞከሩ። ከዚያ ፈገግ አሉና ቆባቸውን አስተካከሉ። አገኘሽ ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ አይቼ ወደ ገደሉ ዞርኩ።

ሸዋነሽ ሻይ ቤት ስንደርስ ግን ጎማው የለም።

«የት ሄደ?» አለች አገኘሽ።

«ወደ ቤታችሁ ነዋ» አለች ሸዋነሽ እጇን እየጠረገች። «ትናንት ወደ ገረሴ የሚወጣ ጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩ የማን ነው ሲለኝ የኦይታ ልጅ ጎማ ነው አልኩት። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ጫነው። ለበዓሉ ሳይደርስ ሊቀር ነበር እኮ! ደስ ብሎኝ ሸኘሁት።»

በዚያ መንገድ ዕቃ ቆሞ አይጠብቅም። ጤፍ ይሁን መድኃኒት፣ የማን እንደሆነ ከታወቀ የሚወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። አገኘሽ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ግን ጎማም እንዲህ ይሄዳል ብላ አላሰበችም። ሸዋነሽን ምን ትላታለች? አመሰገነቻት።

አባባ ኦይታ፣ «እኔ ሳልደርስ ጎማዬ ደረሰ። እንግዲህ እንከተለው» አሉ።

ተከተልነው። ብዙም ሳንርቅ ሹል ድንጋይ የግራውን የኋላ ጎማ ቀደደው። መኪናዋ ጋደል ብላ ቆመች። አገኘሽ ወርዳ አየችውና ቅጠል ቆርጣ መንገዱ ላይ አኖረች፤ እኔም ረዳኋት። ስልኮቻችን ኔትወርክ አልነበራቸውም። ለበዓሉ የሚወጣው መኪና ሁሉ በጠዋት አልፏል።

«በአሮጌዎቹ ቢሆን ኖሮ እየሄድን ነበር» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ።

«በአሮጌዎቹ ቢሆን ኖሮ ቤት ተኝቼ ነበር» አሉ አባቷ። «ወደ ውጭ አውጪኝ፣ አገሬን ልይ።»

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። አሁን ሦስታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ችቦው።

ያኔ ከላይ ሰዎች በሩጫ ሲወርዱ አየን። ከፊት ታምሩ ነው። ከኋላው ጎረምሶች፣ ሁለቱ ቃሬዛ ይዘዋል፣ አንዱ ጎማውን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ታምሩ ወንድሙን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያይ መንገዱ መሐል ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ጎማውን ያደረሰው ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት ስለነበር ደጃፍ ላይ አስደግፎት ሄደ። በዋዜማው ማንም ሳይመጣ ቀኑ ሲገፋ አንዱ፣ ጎማው እንዴት ያለ መኪናው መጣ ብሎ ጠየቀ። ከተገለበጠ መኪና ተርፎ የመጣ መሰላቸው። ገደል ገብተዋል ብለው ነበር የወረዱት።

አባባ ኦይታ ቃሬዛውን አዩ። «ይሄ ለማን ነው?»

ታምሩ ፊቱን በነጠላው ጠረገ። «ለጎማው ነው፣ ወንድምዓለም። ከብዶን።»

የሁላችንም ሳቅ እንደ ልቅሶ ነበር፤ ረጅምና የተንቀጠቀጠ። ክሪክ እንደሌለ ሲሰሙ ጎረምሶቹ መኪናዋን በእጃቸው አንሥተው ያዙ። አገኘሽ ተንበርክካ ብሎኖቹን ፈታች፤ ካሱ አስተምሯታል። አዲሱን ገጥማ ስታጠብቅ እንኳ መኪናዋን አላስቀመጡም፣ በቃ እስክትል ድረስ።

ጀንበር ስትጠልቅ ደረስን። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ የቀርከሃው ችቦ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አባባ ኦይታ ግን መንገዱ አድክሟቸው ነበርና መቆም አልቻሉም። ታምሩ በርጩማ ፍለጋ ሲገባ፣ «ተወው፣ ያንን የተቀደደውን አምጡልኝ» አሉ።

ጎረምሶቹ ተሸክመው ያመጡትን የተበሳ ጎማ ደጃፉ መሐል አጋደሙላቸው። እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡበት፤ ጎማውም እሺ ብሎ ዝቅ አለላቸው። ታምሩ እሳቱን አቀበላቸው። እሳቸው ችቦውን ከመለኮሳቸው በፊት ልጃቸውን በእጃቸው ጠሩና የግሪስ ዘይት የነካውን መዳፏን ከራሳቸው መዳፍ ጋር ችቦው ላይ አደረጉት። አብረው ለኮሱት።

ከዚያ ቀጥሎ የታምሩ ደጅ በራ። ከሱ በታች ያለው፣ ቀጥሎም ከሸንተረሩ ወዲያ ያለው። ካለፈው ዓመት ዋዜማ የቆየው ጨለማ ደጅ በደጅ ሲሸሽ አገኘሽ አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር፤ ጀርባዋን ጎማው ላይ አስደግፋ።